ሰዓት ለማየት ስልኳን ለከፈተችው ተማሪ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከወረኢሉ መጥቼ ደሴ የምማር የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ‹ኢንተርኔት የዕለት ተዕለት ኑሯችሁን እንዴት እንደለወጠው ጽፋችሁ አምጡ› ተብለን ለአንድ ሳምንት ውሎዬን ደብተር ላይ መዘገብኩ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን አነሳለሁ። ሃንድአውት የማገኘው ከቴሌግራም ነው። እናቴንና ጂዳ ያለችውን እህቴን የማያቸው በኢሞ ነው። የቤት ኪራይ የምከፍለው በቴሌብር ነው። አሳይመንት ሲከብደኝ ኤአይ እጠይቃለሁ። ማታ ግን ‹አምስት ደቂቃ ብቻ› ብዬ ቲክቶክ እከፍትና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ማክሰኞ የጻፍኩትን ሳነበው ደነገጥኩ፦ ‹ሰዓት ለማየት ስልኬን ከፈትኩ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ዘጋሁት። ሰዓቱን ግን አላየሁም።› ኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ በደንብ አነብ ነበር፤ ግን የታሰርኩ ያህል ይጨንቀኝ ነበር። ኢንተርኔት እየጠቀመኝ ነው እየጎዳኝ? ቲክቶክን ላጥፋው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የማክሰኞዋን ማስታወሻሽን ደጋግሜ አነበብኳት። ኔትወርክ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪዎቼ ስለ ኢንተርኔት ጻፉ ሲባሉ አብዛኛውን ጊዜ ገጹን ለሁለት ይከፍሉታል። በግራ ጥቅሙ፣ በቀኝ ጉዳቱ። አንቺ ግን ያየሽውን ጻፍሽ። እኔም ከዚያችው ማክሰኞ ልነሳ።

ሰዓት ልታዪ ስትከፍቺው ምን ሆነ? እንደምገምተው የሆነ ማሳወቂያ ጠበቀሽ። ወይ ቀይ ነጥብ ነው፣ ወይ «እገሌ አዲስ ቪዲዮ ለቀቀ» የሚል። ነካ አደረግሽው። አንዱ ቪዲዮ አለቀና ሌላው መጣ። ከዚያ በኋላ ማብቂያ የለውም። ድሮ አንድ ድረ ገጽ ታች ስትደርሺ ያልቅ ነበር። «ቀጣይ» የሚለውን ካልተጫንሽ አይቀጥልም። ያቺ ቅጽበት ትንሽ ትመስላለች፤ ግን «በቃኝ» የሚባለው እሷ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ዲዛይነር ገጹ ሳያልቅ እየተሞላ የሚወርድበትን አሠራር ሠራ። ኋላ ላይ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። «በቃኝ» የምትይበትን ቦታ ያነሱብሽ ሆን ብለው ነው ማለት ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እርግቦችን በሣጥን ውስጥ አድርጎ ያጠና ነበር። እርግቧ አንድ ቁልፍ ስትነካ እህል ይወርድላታል። እህሉ አንዳንዴ እየወረደ አንዳንዴ ሲቀር፣ መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቅ ቁልፉን ሳትታክት ትመታዋለች። እህሉ ጭራሽ ከቆመ በኋላ እንኳ ቶሎ አትተወውም። የቲክቶክ አወራረድም እንደዚያው ነው። አምስቱ ቪዲዮ ያሰለቻል፣ ስድስተኛው ያስቅሻል። ሰባተኛውን ለማየት ጣትሽ ካንቺ ቀድሞ ይሄዳል። ላይክ ባታደርጊ እንኳ አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማየትሽ ለሲስተሙ ትልቅ ምልክት ነው። ይህን ኩባንያው ራሱ ገልጾታል። ማታ ደክሞሽ፣ ጋደም ብለሽ ምን ላይ እንደምትቆዪ ካንቺ ይልቅ እሱ ያስታውሳል።

ይህን የምነግርሽ «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብለሽ ራስሽን እንዳትኮንኚ ነው። የ40 ደቂቃዋ ነገር የባሕርይ ጉድለት አይደለችም።

አሁን ማስታወሻሽን እንደገና አውጪና በእያንዳንዱ መስመር ጎን አንድ ቃል ጻፊ። ሄድሽ ወይስ ተወሰድሽ? ሃንድአውት ፍለጋ ቴሌግራም ስትገቢ ሄደሽ ነው። እናትሽ ጋ ስትደውዪ ሄደሽ ነው። ኪራይ ስትከፍዪም እንደዚሁ። ሰዓት ልታዪ ከፍተሽ 40 ደቂቃ ስትቆዪ ተወስደሽ ነው። «እየጠቀመኝ ነው እየጎዳኝ?» ላልሽው የእኔ መልስ ከዚህ አያልፍም። ስልኩም፣ መስመሩም፣ ፓኬጁም አንድ ነው። የሚለያየው ሳትከፍቺው በፊት የሆነ ነገር ፈልገሽ እንደነበረና እንዳልነበረ ነው።

ትንሽ ወደኋላ ልውሰድሽ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። እኛ ደሴ ላይ በደንብ ያገኘነው ግን ዘግይቶ፣ በኢንተርኔት ካፌ ነው። ሂሳቡ በደቂቃ ነበር። ገጽ እስኪከፈት ሻይ ይጠጣል። ስለዚህ ባዶ እጁን የሚገባ አልነበረም። ወረቀት ላይ ጽፈን ነበር የምንገባው፦ ለእገሌ ኢሜይል፣ የስኮላርሺፕ ፎርም፣ የአንድ ቃል ትርጉም። ኢሜይሉን ራሱ ቤት በእጅ ረቂቅ አድርገን እናመጣው ነበር። ኪሳችን ውስጥ የነበረችው ያቺ የተጣጠፈች ወረቀት ዛሬ ትናፍቀኛለች። ድህነቱ አይናፍቀኝም፣ ቀርፋፋ መስመሩም አይናፍቀኝም። ወረቀቷ ግን ከመቀመጣችን በፊት ምን ልናደርግ እንደመጣን ታስታውሰን ነበር።

ስለ እናትሽና ስለ እህትሽ የጻፍሽውን በአንድ መስመር አለፍሽው። እኔ አላልፈውም። የወሎን ሰው ኑሮ ኢንተርኔት ከለወጠበት ነገር ሁሉ ትልቁ ይሄ ይመስለኛል። ከየቀበሌው ስንት እህት ናት ዓረብ አገር ያለችው? ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችን ልጅ ከጂዳ ደብዳቤ የምትልከው በካሴት ነበር። ድምፅዋን ቀርጻ፣ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ። ካሴቱ የደረሰ ቀን ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቴፑ መሐል ይቀመጣል። «እማዬ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ትላለች። እናቷ ቴፑን እያዩ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ይላሉ። መልሳቸው እሷ ጋ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው። በዚያ መሐል ታማም ብትሆን፣ ተርባም ብትሆን የሚያውቅ የለም።

ዛሬ እህትሽ ኢሞ ላይ ስትደውል ድምፅዋ በባሕር ውስጥ ገመድ ያልፋል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፉ መስመራችን በጎረቤት አገሮች፣ በጅቡቲና በኬንያ በኩል ነው የሚገባው። ያን ሁሉ መንገድ በሰከንድ ሽርፍራፊ ይጨርሰዋል። እናትሽስ? የእኔ እናት ቪዲዮ እያወሩም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ነው የሚለጥፉት። የማየው የነጠላቸውን ጥለትና የጆሯቸውን ቀለበት ነው። «እማዬ ራቅ አርጊው፣ ፊትሽን ልየው» እላለሁ። ራቅ ያደርጉትና ትንሽ ቆይተው ተመልሰው ይለጥፉታል። ድምፅ የሚሰማው በጆሮ ነዋ። ይህንን ኢንተርኔት ማንም ሰው ጉዳት በሚለው ዓምድ ሥር ቢጽፍብኝ እከራከረዋለሁ። ገንዘቡም እንደዚሁ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የስንት ተማሪ ኪራይ በሹፌር እጅ ይመጣ ነበር። ስንቁ አሁንም በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ በሶ በቴሌብር አይላክም።

ኔት የተቋረጠበትን ጊዜ አንስተሻል። እኛ ሁለት ጊዜ ቀምሰነዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልኩም ኔቱም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋረጠ። «በደንብ አነብ ነበር» ያልሽው እውነት ነው፤ ከብዙ ተማሪ ሰምቼዋለሁ። ግን ከዚህ ተነስተሽ «ኔት ባይኖር ይሻለኛል» እንዳትዪ። ያነበብሽው የሚወስድሽ ነገር ስለጠፋ ነው። የምትሄጂበትም አብሮ ጠፍቷል። የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼ ሶፍትዌር ማውረድ አልቻሉም። ለውጭ ትምህርት ያመለከተ ልጅ መልሱ ይምጣ አይምጣ ሳያውቅ ቀኑ አለፈበት። እናቶች የልጃቸውን ድምፅ አጡ። የተጨነቅሽው ያለምክንያት አይደለም። ከዚያ ጊዜ የምትወስጂው አንድ ነገር ቢኖር ማንበብ እንደምትችዪ ማወቅሽን ነው። ትኩረትሽ አልሞተም። ቦታ ሲያገኝ ተመልሷል።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። አሳይመንት ሲከብድሽ ኤአይ መጠየቅሽን አላወግዝም። እኔም እጠይቀዋለሁ። የሚያሳስበኝ «ሲከብደኝ» የምትለዋ ቃል ናት። የሚከብድሽ ሰዓት እኮ የምትማሪበት ሰዓት ነው።

ወሎ ላይ ይህንን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋድላ የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ጭር ያለ ቦታ ይሄዳል። ዛፍ ሥር፣ መቃብር ቤት አጠገብ። በእጁ ምንም የለም። ቃሉን በልቡ እያወጣ እያወረደ፣ እየጣለ እያነሳ ያድራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል። የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የሆኑትን የዳናንና የጫሊን ደረሶች፣ ማለትም ተማሪዎች፣ አስቢ። ኪታቡን ሸኹ ፊት ያነባሉ፣ ያነበቡትን ማታ ለራሳቸው ይደጋግማሉ። ወረቀት ውድ ስለነበረ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚያደርጉት። ከጭንቅላት ፈልጎ ማውጣት ራሱ ትምህርት ስለሆነ ነው።

ይህ በዘመናዊ ሙከራም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ግማሾቹ ደግመው አነበቡት። ሌሎቹ ወረቀቱን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከጭንቅላታቸው ፈልገው የጻፉት በለጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የነቤትሲ ስፓሮው ጥናት ደግሞ ሰዎች የጻፉት ነገር ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚቀመጥ ካሰቡ ራሱን ነገሩን እምብዛም እንደማያስታውሱት አሳይቷል። ቴሌግራምሽ ውስጥ ስንት ሃንድአውት አለ? ስንቱን ከፍተሻል? ማውረድ ያነበብን ያህል ይሰማናል። እኔም የዚህ በሽታ አለብኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ጥያቄው ሲከብድሽ ስልኩን ገልብጠሽ አስቀምጪና 20 ደቂቃ ብቻሽን ታገይው። የመጣልሽን ሁሉ፣ ስህተትም ቢሆን፣ ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዚያ ኤአዩን ጠይቂ። ያን ጊዜ የምትጠይቂው እንደ ቅኔ ተማሪው ለመታረም ነው።

ደግሞ ኤአዩን በጭፍን አትመኚው። አንድ ተማሪዬ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ አሳይመንት ጽፎ አመጣልኝ። አማርኛው የተስተካከለ ነው፣ አንቀጾቹ ያማሩ ናቸው። ሳነበው ገዳሙ ጣና ላይ ነው ይላል። ኤአዩ «ሐይቅ» የሚለውን የቦታ ስም መሆኑን ትቶ ውኃ ያለበት ሁሉ አድርጎታል። ልጁ ደግሞ ቤተሰቦቹ የሐይቅ ሰዎች ናቸው! ከደሴ በታክሲ የሚደረስበትን፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን ገዳም ጎጃም ወስዶ አስቀመጠው። ሳያነበው ነው ያስረከበኝ። ተቆጣሁት፤ ከዚያ በላይ ግን አዘንኩ።

ማሽኑ ለምን ተሳሳተ? አንዱ ምክንያት በአማርኛ የተጻፈ ነገር ኢንተርኔት ላይ ትንሽ መሆኑ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ አለው፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። አየሽ፣ አንቺ የምትጽፊው አሳይመንት ከዚህ ጋር ይገናኛል። ስለ ወረኢሉ፣ እናትሽ ስለሚያውቁት እህል፣ ስለ አካባቢሽ ገበያ በራስሽ ቃል አንድ ገጽ ጽፈሽ ብትለቂ ነገ የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል። ስለ ኢንተርኔት ሲወራ እኛ ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ሆነን የምንቆጠረው ነገር ያናድደኛል።

ወሬ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የጦርነቱ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ቪዲዮ «ዛሬ ጠዋት እኛ ከተማ» ተብሎ ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ። በሃይማኖት ስም የሚያጋጭ ወሬ ደግሞ ወሎ ሲገባ ሠፈር ለሠፈር አይደለም የሚያጋጨው። አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚገባው። አጎቱ ሙስሊም፣ አክስቱ ክርስቲያን የሆነችበት ስንት ሰው አለ? ሼር ከማድረግሽ በፊት ምስሉን ጎግል ሌንስ ላይ አስገቢው። አሮጌ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የወጣበትን ያሳይሻል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ፓኬጅሽ ቶሎ እያለቀ ካስቸገረሽ ደግሞ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለውን ክፈቺና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፊው። በመካከለኛ ጥራት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ግማሽ ጊጋ ገደማ ይበላል። ጽሑፍ ግን ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ቲክቶክን ላጥፋው ወይ ብለሻል። አዎ፣ ከስልክሽ ላይ አጥፊው። አካውንቱን ተይው። ስትፈልጊው በብራውዘር ግቢና እይው። ያስቸግራል፣ ይዘገያል፣ «ስልክ ቁጥርሽን አስገቢ» ይላል። እሱን ነው የምፈልገው። ያ የተነሳብሽ «በቃኝ» የሚባልበት ቦታ በዚህ ይመለስልሻል። እዚያ ላይ ቆመሽ «ምን ልፈልግ ነበር የመጣሁት?» ማለት ትችያለሽ። የምግብ አሠራር ልታዪ ከሆነ ግቢ። ፍቃዱ ያንቺ ነው። ማሳወቂያዎቹንም ዝጊያቸው፤ የሰው ጥሪና የሰው መልእክት ብቻ ይቅር። ቻርጀሩን ከአልጋሽ ራቅ አድርጊና ስልኩ እዚያ ይደር። የተከራየሽው ክፍል ጠባብ ቢሆንም ተነስተሽ የምትሄጂበት ሦስት እርምጃ አይጠፋም።

«ጨርሰሽ ከስልክ ራቂ» ግን አልልሽም፤ እኔም አልችለውም። እናቴ ቤት ቡና ሲፈላ ያየሁትን ግን ልንገርሽ። ልጆቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ ናቸው። ፈንዲሻው ሲዞር እንኳ በአንድ እጅ ነው የሚዘግኑት። አቦሉ ሊቀዳ ሲል አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «በሉ ዱዓ እናድርግ» አሉ። ማንም ስልክ አስቀምጡ አላለም። ግን ለዱዓ ሁለት እጅ ነው የሚዘረጋው። ሁሉም ስልኩን ሥጋጃው ላይ አስቀመጠ። «አሚን፣ አሚን» ተባለ። ምርቃቱ ረዘመ። ሲያልቅ ጨዋታ ተጀመረ፤ ስልኮቹ እስከ ቶና ድረስ እዚያው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ «ሁለት እጅ የሚይዝ ነገር ፈልጉ» እላለሁ። ልብስ ማጠብ፣ እንጀራ መጋገር፣ በእስክሪብቶ መጻፍ፣ የሰው ልጅ ማቀፍ።

ሌላ አንድ ሳምንት መዝግቢ። በዚህኛው በየመስመሩ ጎን «ሄድኩ» ወይም «ተወሰድኩ» ብለሽ ጻፊና ላኪልኝ፤ የማክሰኞውን በተለይ ማየት እፈልጋለሁ። እስከዚያ የእጅ ሰዓት ግዢ። ውድ አያስፈልግሽም፤ ፒያሳ ላይ አዟሪዎቹ ጋ በርካሽ ይገኛል። ሰዓት ማየት ስትፈልጊ ክንድሽን ገለጥ አድርገሽ ታዪዋለሽ።